መደብና ምድብ፦ ጠጣር ቅርጾችን በሐረር ጀጎል መለየት

አማርኛችን «መደብ» በሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው በቤት ውስጥ ከጭቃ ወይም ከድንጋይ ተሠርቶ የምንቀመጥበት ከፍታ ነው። ሁለተኛው ነገሮች እንደ ባሕርያቸው የሚሰለፉበት ክፍል ነው፤ «መመደብ» ስንል ይህን ማለታችን ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው ማየት የሚፈልግ ሰው ሐረር ይሂድ። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው ባህላዊ የሐረሪ ቤት ሰው በመደቡ ይመደባል። ስለ ጠጣር ቅርጾች አመዳደብ የሚያወሳውን ይህን ጽሑፍ ሐረር ላይ ማሳረፌ ስለዚህ ነው።

የሕግ ሰው ጂኦሜትሪ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ሰዎች ፍርድ ቤት የሚካሰሱበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ያለው ነው። አሸዋ በሜትር ኩብ ይሸጣል፤ ውሃ በመጠኑ ይከፈልበታል፤ የጎረቤት ፎቅ ፀሐይ ይከልላል። በወረቀት ላይ የምናሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ልኬት ብቻ ነው። ሦስተኛው ሲቀር ምን አብሮት እንደሚቀር ከሐረር የተሻለ የሚያሳይ ከተማ አላውቅም።

ሦስት ጥያቄዎች

ጠፍጣፋ ቅርጽና ጠጣር ቅርጽ አንድ አይደሉም። በወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ውፍረት የለውም። ጠጣር የምንለው ቦታ የሚይዘውን፣ ዙሪያውን ልንዞረው የምንችለውን ነው። በዕለት ንግግራችን ይህን እናምታታዋለን። ሳንቲሙም «ክብ»፣ ብርቱካኑም «ክብ»፣ በርሜሉም «ክብ» ነው። ቋንቋው ግን ቃል አልጎደለውም፤ ድቡልቡል፣ ሾጣጣ፣ ሞላላ የሚሉት አሉት። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ደግሞ ሉል፣ ሲሊንደር፣ ኮን፣ ፕሪዝምና ፒራሚድ የሚሉትን ጨምረውበታል።

አንድ ጠጣር ቅርጽ ሲያጋጥምዎ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። አንደኛ፣ ገጾቹ ሁሉ ጠፍጣፋ ናቸው ወይስ የሚጎብጥ ገጽ አለው? ሁለተኛ፣ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ስፋቱ ሳይለወጥ ይቀጥላል ወይስ ይጠባል? ሦስተኛ፣ የሚጠብ ከሆነ በአንድ ጫፍ ያልቃል ወይስ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቆረጣል?

ገጾቹ ጠፍጣፋ ሆነው ስፋቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ፕሪዝም ነው። መሠረቱ ሦስት ማዕዘንም ይሁን ስምንት ማዕዘን፣ ሙሉ ስሙን የሚያገኘው ከመሠረቱ ነው። ገጾቹ ጠፍጣፋ ሆነው እየጠበበ በአንድ ጫፍ ካለቀ ፒራሚድ ነው። መሠረቱ ክብ ሲሆን ደግሞ እኩል የቀጠለው ሲሊንደር፣ በጫፍ ያለቀው ኮን ወይም ሾጣጣ ይባላል። ጫፍ ላይ ሳይደርስ የተቆረጠውን አናቱ የተቆረጠ ኮን ወይም ፒራሚድ እንለዋለን፤ የተገለበጠ ባልዲ ይመስላል። ሉል ከሁሉም ይለያል። ጠርዝም ጫፍም የለውም፤ በላዩ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ከመሐሉ እኩል ይርቃል።

ሁለት ጊዜ ማየት የሚያስፈልጋቸው አሉ። የአክሱም ሐውልት ከሩቅ ፕሪዝም ይመስላል፤ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ግን ፕሪዝም አይደለም፤ አናቱ በጫፍ ሳይሆን በቅስት ስለሚያልቅም ፒራሚድ አይደለም። ባለ ሁለት ክንፍ የቆርቆሮ ጣሪያንም ብዙ ሰው ፒራሚድ ይለዋል። እውነቱ በጎኑ የተኛ ባለ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም መሆኑ ነው። ቅርጽ በተኛበትም በቆመበትም ያው ራሱ ነው፤ አቀማመጡ ምድቡን አይለውጠውም።

ሳጥን ውስጥ ያለ ደረጃ

የደጋው ገበሬ ጎጆ ግድግዳው ሲሊንደር፣ ክዳኑ ኮን ነው። የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ በራሳቸው ቋንቋ ጌ ጋር የሚባለው፣ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ከድንጋይ የተገነባ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ሳጥን ነው፤ 6 ገጾች፣ 12 ጠርዞችና 8 ጫፎች ያሉት ባለ አራት ማዕዘን ፕሪዝም ማለት ነው። በእርግጥ ደጋግሞ የተለሰነ ግድግዳ ጠርዙ እንደ መጽሐፉ ሥዕል የተሳለ አይሆንም። ማዕዘኑ ዶልዱሟል፣ መስመሩም ትንሽ ይዋዥቃል። ምደባ ግን የሚጀምረው ዋናውን ከትርፉ ከመለየት ስለሆነ ይህ አያሳስበንም።

ነገሩ የሚጣፍጠው ከበሩ ሲገቡ ነው። ግድር ጋር፣ ማለትም ትልቁ ክፍል፣ ወለሉ አንድ ልክ አይደለም። ነደባ በሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ይላል። ግድር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ አሚር ነደባ የክብር ቦታ ነው፤ ከበሩ ኋላ ያለና ከዓይን ሰወር ያለም አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ዕድሜና ማዕረግ ይወስኑታል። አንድም ወንበር ሳይኖር፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሳይለጠፍ፣ የገባው ሁሉ ቦታውን ያውቃል።

ይህ ደረጃማ ወለል በጂኦሜትሪ ምን ይባላል? ሁለት ዓይነት መልስ አለው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ነደባ ሳጥን ስለሆነ አጠቃላዩ የተጋጠሙ ሳጥኖች ድምር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው የበለጠ ይጥመኛል። ሁለት ደረጃ ያለውን መደብ ከጎን በኩል ቢያዩት የማንጠልጠያ ማዕዘን የመሰለ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ያያሉ። ያ ቅርጽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሳይለወጥ ይዘልቃል። ስለዚህ መደቡ በጎኑ የተኛ ባለ ስድስት ጎን ፕሪዝም ነው። ግድግዳው ውስጥ ገብተው የተሠሩት መደርደሪያዎች ደግሞ የመቀነስ ምሳሌ ናቸው፤ ከአንዱ ትልቅ ሳጥን ትናንሽ ሳጥኖች ወጥተውለታል።

ካርታው የማያውቀው

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ለምሳሌ ያህል 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል እንውሰድ። ከኋላ በኩል ሙሉውን 4 ሜትር ወርድ የያዘ፣ 2 ሜትር ወደ ፊት የወጣ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነደባ አለው እንበል። ክፍሉ ባዶ ሳጥን ቢሆን ይዘቱ 70 ሜትር ኩብ ነበር። ነደባው 4 ነጥብ 8 ሜትር ኩብ ይወስድና 65 ነጥብ 2 ይቀራል። አንድ ቀን ባለቤቱ ነደባውን አፍርሶ ወለሉን አስተካከለና ሶፋ አስገባ። የክፍሉ ስፋት ስንት ሆነ? ከመፍረሱ በፊት 20 ካሬ ሜትር፤ ከፈረሰም በኋላ 20 ካሬ ሜትር። በተለምዶ ካርታ የምንለው የይዞታ ማረጋገጫ የቦታውን ስፋትና ወሰን ስለሚናገር አንዲት ፊደል አይለወጥበትም። ቤቱ ግን የሐረሪ ቤት መሆኑ ቀርቷል።

ሕጋችን ሦስተኛውን ልኬት ጭራሽ አያውቀውም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመሬት ባለቤትነት ለመሬቱ አገልግሎት አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደሚዘልቅ ደንግጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የመሬቱ ባለቤትነት ቢያበቃም ከፍታን የመቁጠሩ ሐሳብ አልጠፋም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከመሬት ሳይነካ በአየር ላይ የተቀመጠን አንድ ሳጥን የአንድ ሰው ንብረት አድርጎ ዕውቅና ሰጠ። የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ንብረቱ ከወለል፣ ከግድግዳና ከጣሪያ መካከል ያለ ጠጣር ቅርጽ ነው። ለኮንዶሚኒየሙ የተቻለው ለጌ ጋር የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመስጊዶቹና ከግንቡ ጋር የቤቶቹ አሠራርም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ለመጠገን ወይም ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ አዟል። ፈቃድ ሰጪው ግን ከምን ወደ ምን እንደሚለወጥ የሚያመሳክርበት የቅርጽ መዝገብ ከሌለው ምኑን ይፈቅዳል፣ ምኑንስ ይከለክላል? ለእያንዳንዱ ነደባ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች፣ ለጣሪያው ደግሞ «ጠፍጣፋ» ወይም «ክንፋም» የምትል አንዲት ቃል ብትመዘገብ ብዙ ክርክር ታስቀር ነበር። በጀጎል ውስጥ ጠፍጣፋው ጣሪያ በቆርቆሮ የተተካባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ይህ ለባለቤቱ የዝናብ ጉዳይ ነው፤ አልፈርድበትም። በቅርጽ ቋንቋ ግን በሳጥን ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም መጫን ነውና ሌላ ቅርጽ፣ ሌላ የሰማይ መስመር ያመጣል።

ስምንት ማዕዘኑና የጅቡ ቀዳዳ

ከቤቶቹ ወጥተን ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንደርስ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይገጥመናል። ግብፆች እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን ይዘው በነበረበት ጊዜ የሠሩት መስጊድ የነበረበት ቦታ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የተተካው በ1879 ዓ.ም. ከተደረገው የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ነው። ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው። ስምንት ማዕዘን ከክብና ከአራት ማዕዘን መካከል ያለ ቅርጽ በመሆኑ ክብ ቤተ ክርስቲያን የለመደ ዓይንም፣ አራት ማዕዘን የሐረር ቤት የለመደ ዓይንም አይከፋበትም።

ባለ ስምንት ማዕዘን ፕሪዝም ስንት ገጽ አለው? 8 የጎን፣ አንድ የላይ፣ አንድ የታች፤ በጠቅላላው 10። ጫፎቹ 16፣ ጠርዞቹ 24 ናቸው። ጫፍን ከገጽ ደምረው ጠርዝን ቢቀንሱ 2 ያገኛሉ። የቤታችን ሳጥንም 8 ሲደመር 6 ሲቀነስ 12፣ ያው 2 ነው። በስምንት ማዕዘኑ ላይ የፒራሚድ ክዳን ቢጭኑበትም 17 ጫፍ፣ 17 ገጽና 32 ጠርዝ ይሆንና መልሱ አሁንም 2 ነው። ይህን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ቆጥሮ 2 ያላገኘ ተማሪ ወይ ጠርዝ ዘሏል፣ ወይ ደግሞ ቅርጹ ቀዳዳ አለው።

ቀዳዳ ያለው ቅርጽ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ግንቡ ራሱ ነው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስገነቡት የሚነገርለት የጀጎል ግንብ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ እየተጠማዘዘ ከተማዋን ይከባል። ከተማዋን በመሐል አስቀምጦ የዞረ ቀለበት ስለሆነ ከየትኛውም የመጽሐፍ ምድብ አይገባም። አምስቱን ጥንታዊ በሮች ለጊዜው ድፍን አድርገን ብንቆጥራቸውና ግንቡን ወደ አራት ቀጥተኛ ክንድ ብናቃልለው 16 ጫፍ፣ 16 ገጽና 32 ጠርዝ ይኖረዋል። ውጤቱ 2 ሳይሆን 0 ነው። ቀለበት የሆነ ነገር ሁሉ፣ የጣት ቀለበትም ሆነ የመስኮት ክፈፍ፣ በዚህ ዜሮ ይታወቃል።

የሐረር ግንብ ግን ከክፈፍ የሚለየው ሌላ ነገር አለው። ሌሊት ጅቦች የሚገቡባቸው፣ በሐረሪ ወራባ ኑዱል የሚባሉ ቀዳዳዎች ከግንቡ ሥር ተትተውለታል። ግንቡን በስቶ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከኦይለር ቁጥር ላይ 2 ይቀንሳል። አንድ የጅብ ቀዳዳ ያለው ግንብ ከዜሮ በታች 2፣ ሁለት ያለው ከዜሮ በታች 4 ይሆናል ማለት ነው። በሮቹንም ከፍተን ከላያቸው የተሻገረውን ግንብ ከቆጠርን እያንዳንዳቸው ያንኑ ያህል ይወስዳሉ። ሒሳቡ የአሚሩን በርና የጅቡን በር አይለይም።

የንብ ቀፎውና ስፌቱ

አሚር ኑር ራሳቸው ያረፉበት መቃብር በጀጎል ውስጥ ለመመደብ እጅግ አስቸጋሪው ይመስለኛል። ድንጋዮች ጎልተው የወጡበት፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ የንብ ቀፎ የመሰለ ነው። ኮን ነው እንዳንል ጎኑ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይጎብጣል። የተቆረጠ ግማሽ ሉል ነው እንዳንል ደግሞ አናቱ ሾል ይላል። እንዲህ ሲሆን አንድን ስም በግድ ከመለጠፍ ሁለቱን ወሰን መናገር ይሻላል። መሠረታቸውና ቁመታቸው እኩል የሆነ ኮን፣ ጉልላትና ሲሊንደር ጎን ለጎን ቢቆሙ ይዘታቸው እንደ 1፣ እንደ 2 እና እንደ 3 ነው። ይህን የሉልና የሲሊንደር ዝምድና ያረጋገጠው ጥንታዊው ግሪካዊ አርኪሜድስ ነበር። የንብ ቀፎው ቅርጽ ከ1 ይበልጣል፣ ከ2 ያንሳል። ለመዝገብ «በኮንና በጉልላት መካከል» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ ሐሰትም የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምደባን ምስጢር ያሳየኝ የሐረር ስፌት ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የስንደዶና የአክርማ ስፌቶች፣ የሞሰቡ ክዳን፣ ባለ ክዳኑ ዕቃ ሁሉ የሚጀምሩት ከአንድ ነጥብ ነው። ሰፊዋ በነጥቡ ዙሪያ ዙር በዙር እየጨመረች ትሄዳለች። የምታወጣው ቅርጽ ግን በአንዲት ነገር ብቻ ይወሰናል፤ አዲሱ ዙር ከፊተኛው ምን ያህል ረዘመ በሚለው።

የአንዱ ዙር ውፍረት 1 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው 6 ነጥብ 28 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ስፌቱ ጠፍጣፋ ሰፌድ ይሆናል። ከዚያ ባነሰ፣ ግን ሁልጊዜ እኩል በሆነ መጠን ከረዘመ ሾጣጣ ክዳን ይወጣል። ምንም ካልረዘመ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ሲሊንደር ይሆናል። ጭማሪው በ6 ነጥብ 28 ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ዜሮ ከደረሰ ጉልላት ይገኛል። ከ6 ነጥብ 28 ካለፈ ደግሞ ጠርዙ ይሞገድና ስፌቱ ይበላሻል። እኛ በመጽሐፍ የተለያየ ገጽ ላይ ያጠናናቸው ኮን፣ ሲሊንደርና ጉልላት ስፌት ላይ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሐረር ልጃገረዶች ይህን ሞያ የሚማሩባቸው ሞያ ጋር የሚባሉ የሴቶች ማኅበሮች ነበሩ፤ ቀመር ሳይጻፍ በጣት የሚያዝ ትምህርት ነው።

ጣሳና በርሜል

ሐረርን ለረጅም ዘመን ያጠጣት የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር። ከተማዋ ውሃ ማጠራቀም የተማረችው በእንዲህ ያለ መከራ ነው። ዕቃ ለሚገዛ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሲሊንደር ታንከሮች ዲያሜትሩ እጥፍ የሆነው የሚይዘው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ዲያሜትሩ በ40 በመቶ ብቻ የበለጠው እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዓይናችን ቁመትን እንጂ ወርድን በአግባቡ ስለማይቆጥር ቀጭኑ ረጅም ብዙ የያዘ ይመስለናል። ቁመቱና የጎን ስፋቱ ከታንከሩ ጋር እኩል የሆነ ሳጥን ደግሞ ከሲሊንደሩ የበለጠ ይይዛል፤ ሲሊንደሩ የሳጥኑን 78 ነጥብ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚሞላው።

ገበያ ውስጥ የባቢሌ ኦቾሎኒ በጣሳ ሲሸጥ ደግሞ ሁለት ቅርጽ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። አፉ ላይ የተጠረገ ጣሳ ሲሊንደር ነው። ቁልል ብሎ የተከመረው ሲሊንደርና በላዩ የተቀመጠ ኮን ነው። ጣሳው 12 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ቁልሉም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ኮን መሠረቱና ቁመቱ እኩል የሆነውን ሲሊንደር ሲሶ ስለሚይዝ፣ ቁልሉ ጣሳው ውስጥ ቢፈስ የሚሞላው 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ይኸውም የጣሳው አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። አሥራ ሁለት ጣሳ በቁልል የገዛ ሰው አሥራ ሦስተኛውን በነፃ ወሰደ ማለት ነው። ሻጮች «ምርቃት» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ጠርጋ የምትሸጥና ከምራ የምትሸጥ እኩል ዋጋ ከጠሩ የትኛዋ ጋ መሄድ እንዳለብዎ አሁን ያውቃሉ።

አንድ የቀረ አለ። የጫት ዙርባ ከየትኛውም ምድብ አይገባም። ገጽ የለው፣ ጠርዝ የለው፣ እኩል አይቀጥል፣ በጫፍ አያልቅ። እንዲህ ላለው ቅርጽ አርኪሜድስ መፍትሔ አለው፤ ውሃ በሞላ ዕቃ ውስጥ ንከረው፣ የፈሰሰውን ውሃ ለካ ይላል። ዙርባዬን ባልዲ ውስጥ ንከሪልኝ የሚል ደንበኛ የሐረር ጫት ሻጭ ምን እንደምትለው ግን አርኪሜድስ አልጻፈም።